ከልቤ ፎቶ ላይ ያጸዳሁት አቧራ

ጥቅምት 4 ቀን

ለተወደድሽው የእህቴ ልጅ፣ ለፍላሽ፤

ጤና ይስጥልኝ። እንደምን ከረምሽ? እኔ ከሁለት እጄ፣ ከአንድ ደህና ዓይኔና ከግማሽ ጥርሴ ጋር ደህና ነኝ፤ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባው። ዕድሜሽ ይርዘም፣ እጅሽ የነካው ይባረክ፣ የምትሠሪበት ካሜራም አይበላሽብሽ።

ከዘመድ ሁሉ ሙያዬን የወረስሽ አንቺ ብቻ ነሽ። እናትሽ «ልጄ የሕክምና ባለሙያ ናት» እያለች ስታወራ እኔ በልቤ «ፎቶ አንሺ ናት» እላለሁ። እኔ የሰውን ፊት አነሳለሁ፣ አንቺ ውስጡን ታነሻለሽ። ፍላሽ በበራ ቁጥር ዓይኗን ጨፍና ቅጽል ስም ያተረፈች ልጅ ዛሬ የሰው አጥንት ታነሳለች ብሎ ማን ያምናል?

እንግዲህ አሁንም ፎቶዬን እንድልክልሽ ጠይቀሻል። ይኸው ስድስተኛ ዓመትሽ። አርባ አንድ ዓመት ሰው ሳነሳ ራሴን አንስቼ አላውቅም። ጸጉር አስተካካይ የራሱን ጸጉር ሲቆርጥ አይተሻል? ተይኝ እስቲ።

ፎቶ ቤቱ እንደነበረ ነው። ሃያ ስምንቱም ደረጃ አለ፤ እንዲያውም የጨመረ ይመስለኛል። ሰሞኑን ጨዋታ ወዳድ ሆኛለሁና በየሰባተኛው ደረጃ ላይ ቆሜ ያገኘሁትን ጎረቤት ስለ ልጆቹ እጠይቃለሁ። ከታች ያለው ልብስ ሰፊው ወዳጄ «አንተ ሰውዬ፣ የምትፈልገው ወሬ ነው ወይስ ትንፋሽ?» አለኝ። ስም ማጥፋት ነው። ጫማዬም ወደ ማታ ላይ ይጠበኛል፤ የድሮ ቆዳ መቼም ይኮማተራል።

አጎትሽ


ጥቅምት 29 ቀን

ለተከበሩት አጎቴ፣ ለጋሼ፤

ጉልበትዎን ስሜ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ በጣም ደህና ነኝ። ካሜራዬም ደህና ናት፤ ምርቃትዎ ደርሷት መሰለኝ በዚህ ወር አንድ ቀን ብቻ ነው ያኮረፈችው።

ጋሼ፣ ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሃያ ስምንት ደረጃ ለመውጣት ከአራት ጎረቤት ጋር የሚያወራ ሰው፣ ማታ ማታ ጫማ የሚጠበው ሰው፣ ጨዋታ ወዳድ አይባልም። ቆዳ አይደለም የተኮማተረው፣ እግርዎ ነው ያበጠው። እባክዎ ልብዎን ይመርመሩ። ልብን በድምፅ ሞገድ የሚያይ ማሽን አለ፤ አያምም፣ አይወጋም። እንዲያውም ፎቶ ነው። እርስዎ ደግሞ ከፎቶ አይሸሹም፤ ከራስዎ ፎቶ ካልሆነ በቀር።

የዚያን ፎቶ ነገር አልተውኩም። ስድስት ዓመት የጠየቀ ሰው ሰባተኛውም አያቅተውም።

ፍላሽዎ


ኅዳር 13 ቀን

ለፍላሽ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ሰላምሽ ይብዛ፣ ጠላትሽ ይቅለል።

ይኸው ታዘዝኩ። ክሊኒክ ሄጄ ሸሚዜን አውልቄ በጎኔ ተጋደምኩ። ደረቴን ቀዝቃዛ ነገር ቀብተው እንደ መላጫ ያለ እጀታ ጎድኔ ላይ ጫን ጫን አደረጉበት። ከዚያ ልቤን አየኋት! ፍላሽ፣ ልቤን አየኋት! በሯን ከፈት ዘጋ፣ ከፈት ዘጋ ስታደርግ። ስድሳ ዘጠኝ ዓመት ስትሠራ አንድ ቀን እንኳ አመሰግናለሁ ብያት አላውቅም። እዚያው ተኝቼ አመሰገንኳት፤ መርማሪው ለእሱ መስሎት «ምንም አይደለም አባቴ» አለኝ።

ውጤቱ የልብ ግድግዳ ወፍሯል፣ ከደም ግፊት ነው ይላል። የግፊት ኪኒን ታዞልኛል። ከማሽኑ የወጣች አንዲት ትንሽ ወረቀትም ሰጡኝ። ሥራው ግን ለዓይን ያሳፍራል! ስለዚህ ወረቀቷን በትልቁ ካሜራ አንስቼ፣ በጥሩ ወረቀት አትሜ ይኸው ላክሁልሽ። ለባለሙያ የሚላክ ነውና ሦስት ቀን ሙሉ ደክሜበታለሁ። ለአለቃሽም አሳዪው፤ ፎቶ ማለት ምን እንደሆነ ይወቅ።

አጎትሽ


ታኅሣሥ 11 ቀን

ለጋሼ፤

ከእግር እስከ ራስዎ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ፎቶው ደርሷል! ለአለቃዬ ለዶክተሩ አሳየሁት። እሱ ቶሎ የሚደነቅ ሰው አይደለም፤ ጥርሱን ያየሁት እዚህ ሥራ በጀመርኩ በሁለት ዓመቴ ነው። መነጽሩን ከፍ አድርጎ «በዚህ ዓይነት ማሽን እንዲህ ጥርት ያለ ልብ አይቼ አላውቅም» አለ። ግድግዳው መወፈሩን አየና የግፊት ልብ ይመስላል፣ መድኃኒቱን ይውሰዱ አለኝ። እፎይ አልኩ።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅ። ከፖስታው ውስጥ ሰማያዊ ክር ወደቀ። የእርስዎ ደብዳቤ ድሮ የፎቶ ማጠቢያ መድኃኒት ነበር የሚሸተው። ፎቶ ቤት ውስጥ ክር ከየት መጣ?

ፍላሽዎ


ጥር 2 ቀን

ለፍላሽ፤

ጤና ይስጥልኝ፣ ሰላም ለአንቺ ይሁን፣ ለጎረቤትሽም፣ ለጎረቤትሽ ጎረቤትም።

ክሩ የልብስ ሰፊው ነው። እሱ ዘንድ ብርሃኑ ጥሩ ስለሆነ እዚያ ቁጭ ብዬ እጽፋለሁ። ፎቶ ቤቱን ለጊዜው ዘጋ አድርጌዋለሁ፤ ደንበኛም ቀዝቅዟል። ኪኒኑን እየዋጥኩ ነው። ከተቀመጥኩበት ስነሳ ዓለም ትዞርብኛለች እንጂ ሌላ ምንም የለም።

አለቃሽ የተናገረውን ለልብስ ሰፊው አነበብኩለት። «ጥርት ያለ» የሚለውን ሁለት ጊዜ።

አጎትሽ


ጥር 21 ቀን

ጋሼ፣

ሰላምታውን ለሌላ ጊዜ ይያዙልኝ፤ የምጠይቅዎት አስቸኳይ ነው።

ዛሬ የልብዎን ፎቶ ሥራ ቦታዬ ግድግዳ ላይ ልለጥፍ ብዬ ከጀርባው ማጣበቂያ ላደርግበት ገለበጥኩት። ሰማያዊ ማኅተም አለበት። «ተስተካክሎ የታተመ» ይላል።

ያንን ማኅተም አውቀዋለሁ። በልጅነቴ እርስዎ ዘንድ ስውል ሥራዬ እሱን መምታት ነበር። የሙሽራዋ ብጉር ሲጠፋ፣ የአስተማሪው ጠባሳ ሲደፈን፣ «ሰው የተነካውንና ያልተነካውን ይወቅ» ብለው ማኅተሙን እጄ ላይ ያኖሩልኝ ነበር። ያልነኩትን ፎቶ በዚያ ማኅተም መትተው አያውቁም።

ጋሼ፣ ከልብዎ ላይ ምንድን ነው ያነሱት?

እርስዎ ስልክ ላይ ስለማይሰሙኝ ለልብስ ሰፊው ደወልኩ። «ደህና ነው» አለኝ። ከዚያ «ደረጃ ካልወጣ ደህና ነው» አለኝ። ለስንት ጊዜ ሊደብቁኝ ነበር?

የመጀመሪያዋን ወረቀት፣ ከማሽኑ የወጣችውን፣ እንዳለች ይላኩልኝ። የልብ ኤሌክትሪክ የተመዘገበበት ባለ መስመር ወረቀት ካለም እሱንም። አንድ ነገር ደግሞ በእውነት ይመልሱልኝ፤ የዛሬ ስምንት ዓመት በመደንዘዝ ምክንያት ሐኪም ቤት መዳፍዎን ሲቀደዱ አንዱን ነው ወይስ ሁለቱንም?

ፍላሽዎ


የካቲት 3 ቀን

ለፍላሽ፤

እንደምን አለሽ? እኔ ተቆጥቼም ፈርቼም ነው የምጽፍልሽ። ቁጣውን ላስቀድም፣ እሱ ይቀለኛል።

አቧራ ነበር! በማንኛውም ፎቶ አንሺ ፊት እምላለሁ፣ አቧራ ነበር። የልቤ ግድግዳ ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ ፈሶበታል፤ ብልጭ ብልጭ የሚል፣ ቆሻሻ ፊልም ሲታተም እንደሚወጣው ያለ። አርባ አንድ ዓመት የተዋጋሁት ጠላቴ ነው፤ እንኳን በእህቴ ልጅ ደብዳቤ፣ በመታወቂያ ፎቶ ላይ አላሳልፈውም። ቀጭኗን ብሩሽ ያዝኩና በግራጫ ቀለም አንድ በአንድ ደፈንኳቸው። ከአራት መቶ በላይ ናቸው። ማሽናቸውን የሚወለውል ሰው የለም ብዬ እኮ ክሊኒኩን ረግሜያለሁ!

አሁን ፍርሃቱ። ከኅዳር አጋማሽ ወዲህ ደረጃውን አልወጣሁም። ያንቺን ፎቶ ያተምኩ ጊዜ ነው የመጨረሻዬ፤ ለመውረድ እንኳ ሁለቴ ተቀመጥኩ። ፎቶ ቤቱን ደንበኛ አልዘጋውም፣ ልቤ ነው የዘጋችው። ከታች ሆኜ ደረጃውን ሳየው ሆድ ይብሰኛል። ያለዚያ ቤት እኔ ምንድን ነኝ?

ወረቀቷን ያወረደልኝ ልብስ ሰፊው ነው። ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ወጣ። «ሁለተኛው መሳቢያ!» እላለሁ ከታች፤ እሱ የሌላ ሰው ሠርግ ይዞ ይመጣል። «ትንሽ ወረቀት!» እላለሁ፤ የራሱን የወጣትነት ጉርድ ፎቶ አግኝቶ እዚያው ሲያደንቅ ይቆያል። በአራተኛው ምልልስ አመጣት። እሱ አራቴ ሲመላለስ አንዴም አላለከለከም፤ ቀናሁበት።

መዳፌን ሁለቱንም ነው የተቀደድኩት። ከብሩሽ ብዛት ነው ብዬ ነበር። ባለ መስመሩም ወረቀት አብሮ አለ፤ መስመሩ አጫጭር ነው፣ እርሳስ ያለቀበት ሰው የጻፈው ይመስላል።

አለቃሽን ይቅርታ ጠይቂልኝ። ጥርት ያደረግሁት እኔ ነኝ።

አጎትሽ


የካቲት 20 ቀን

ለውድ ጋሼ፤

ሰላምታዬ ከምንጊዜውም በላይ ይድረስዎ። ይቀመጡና ያንብቡ፤ መጥፎ ዜና ስለሆነ ሳይሆን ረጅም ስለሆነ ነው።

ሁለቱን ፎቶ ጎን ለጎን አስቀመጥኩለት። አለቃዬ የእርስዎን አየ፣ የማሽኑን አየ፣ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ከዚያ ጥርሱን ለሁለተኛ ጊዜ አየሁት። «አጎትሽ ምልክቱን ቀለም ቀብቶበት ነው!» ብሎ እስኪያነባ ሳቀ። ሲጨርስ ግን ቁም ነገሩን አስረዳኝ።

ልብ ከግፊት ብዛት ሲወፍር ጡንቻው ነው የሚፈረጥመው፤ ያኔ የኤሌክትሪኩ መስመር ብዙውን ጊዜ ረጃጅም ይሆናል። የእርስዎ ግድግዳ ወፍራም፣ መስመርዎ ግን አጭር። እንግዲህ ግድግዳውን ያወፈረው ጡንቻ አይደለም ማለት ነው፤ በጡንቻው መሃል ሌላ ነገር ገብቶ ተቀምጧል። ይህ ነገር መልኩን የሳተ ፕሮቲን ነው። ሰውነት ሊያስወግደው ሲያቅተው እዚህም እዚያም ያከማቸዋል፤ አንዳንዴ ልብ ከመድረሱ ከዓመታት በፊት ሁለቱ መዳፍ ላይ ይታያል። በድምፅ ሞገዱ ፎቶ ላይ ልብን እንደዚያ ብልጭልጭ ያደርጋታል። በብልጭልጩ ብቻ አይፈረድም፤ አዳዲሶቹ ማሽኖች ጤነኛውንም ልብ ያብለጨልጩታል። ከመስመሩ፣ ከመዳፍዎ፣ ኪኒኑ ከሚያዞርዎት ጋር ሲደመር ግን ዝም አይባልም። በሽታው አሚሎይዶሲስ ይባላል። ስሙ እንዳያስፈራዎት፤ ለአንዱ ዓይነት መድኃኒት አለው፣ ለሌላውም አለው፣ መድኃኒቱ ግን ለየቅል ነው። ስለዚህ የትኛው እንደሆነ መለየት አለበት።

መጀመሪያ የደምና የሽንት ምርመራ ያደርጋሉ። ቀጥሎ እኔ የምሠራበትን ዓይነት ካሜራ። ክንድዎ ላይ አጥንት የሚፈልግ መድኃኒት ይወጋሉ፤ ሦስት ሰዓት ይጠብቃሉ፤ ከዚያ ካሜራው ሥር ይተኛሉ። በጤነኛ ሰው ላይ አጥንቱ ያበራል፣ ልብ ጨለማ ናት። ደሙና ሽንቱ ንጹሕ ሆኖ ልብዎ ከጎድን አጥንትዎ ያላነሰ ካበራች ግን በሽታውን ከነዓይነቱ አገኘነው ማለት ነው። ጋሼ፣ እንድታበራ እየተመኘሁ ነው። የተገኘ ነገር ይታከማልና።

አለቃዬ ለልብ ሐኪም የጻፈው ደብዳቤ አብሮ አለ። ይዘውት ይሂዱ። እባክዎ፣ የሚሰጡዎትን ፎቶ በብሩሽ እንዳይነኩት!

ፍላሽዎ


መጋቢት 26 ቀን

ለፍላሽዬ፤

የምሥራች! ልቤ አበራች!

ሰላምታ ረስቼ ጀመርኩ፤ እንደምን አለሽ፣ ደህና ነሽ? ዕድሜ ከጤና ይስጥሽ። አሁን ልቀጥል።

ደሙም ሽንቱም ንጹሕ ሆነ። ከዚያ ወጉኝና ሦስቱን ሰዓት ተቀመጥን። «ተቀመጥን» ያልኩት ልብስ ሰፊው አብሮኝ ስለሄደ ነው። ሥራ ፈትቶ መቀመጥ አይችልም፤ ለአንዱ በሽተኛ ቁልፍ ተከለ፣ የዘበኛውን ኪስ ሰፋ፣ ሊጠሩኝ ሲሉ የአንዲት ነርስ ልክ ሲወስድ አገኘሁት። «አንተ ልታስታምም ነው የመጣኸው ወይስ ደንበኛ ልታበዛ?» ስለው «አንተ ከተኛህ ከማን ጋር ነው የምውለው? ቢያንስ ደንበኛ ልያዝ» አለኝ። ሳቅ ብሎ ነው ያለው፤ ግን ክሩ መርፌው ውስጥ አልገባለት ብሎ ሦስቴ ሞከረ።

ካሜራሽ ግሩም ናት። ደረቴ ላይ ተጠግታ ድምፅ ሳታሰማ ትቆያለች። አንሺውን «ስንት ሰከንድ ነው የምታቆየው?» ስለው «ደቂቃ ነው» አለኝ። አከበርኩት። የዛሬ ልጆች በአንድ ደቂቃ መቶ ፎቶ ነው የሚያነሱት።

ከዚያ ሐኪሟ ጠርታ አሳየችኝ። ገና ልጅ ናት፣ ያንቺ ዕድሜ ብትሆን ነው። ጎድኖቼ ደብዘዝ ብለው ተሰልፈዋል፤ በስተግራ በኩል ግን ልቤ ከሁሉም በልጣ ቦግ ብላለች፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ እንደ በራ አምፖል። ተጠግቼ አየኋት። ከዚያ አመሌ አይለቀኝምና «እዚህ ጋ ብርሃኑ በዝቷል» አልኳት። ሐኪሟ «አባባ፣ የበዛው ብርሃን ነው መልሱ» አለችኝ። በዕድሜ የሚመጣው ዓይነት ነው፣ ቶሎ ተደርሶበታል አለች። በዘር የሚሄድ እንዳይሆን ብላ ያስመረመረችውም የለበትም ሆኖ መጣ፤ ስለዚህ አንቺም እናትሽም እፎይ በሉ።

የግፊቱን ኪኒን ተወው አለችኝ፤ ዓለም መዞር አቆመች። ውኃውን የሚያስወጣ ሰጠችኝ፤ ጫማዬ ሰፋ። ፕሮቲኑ ከእንግዲህ መልኩን እንዳይስት የሚይዝ ኪኒንም ጀምሬያለሁ። የተከማቸውን ጠርጎ አያወጣም፣ የሚጨመረውን ግን ይገታል አለችኝ። ይሁን፤ ከዛሬ ጀምሮ አዲስ አቧራ እንዳይገባ በሩን መዝጋት ነው። ለመጥረጉማ ስንቴ ሞክሬዋለሁ!

ልብስ ሰፊው ሱሪዬን ሁለት ጊዜ አጠበበው። ሦስተኛ እንዳይሆን ብሎ አስጠንቅቆኛል።

አጎትሽ


ሚያዝያ 12 ቀን

ለጋሼዬ፤

ደብዳቤዎን ሥራ ቦታ ነው የከፈትኩት። «ልቤ አበራች» የሚለው ላይ ስደርስ ጮህኩ። ካሜራው ሥር የተኙ አንዲት ሴትዮ «ምን ተገኘብኝ?» ብለው ሊነሱ ነበር፤ አጎቴ መድኃኒት እንዳገኙ ስነግራቸው ተኝተው አጨበጨቡልኝ። አለቃዬም መጣ፤ ጥርሱ እንደሆነ ከዚህ በኋላ መቁጠር ትቻለሁ። የተደፈነውን ፎቶና ያልተደፈነውን ለተማሪዎቹ ማስተማሪያ አድርጓቸዋል። «ሁልጊዜ ጀርባውን ገልብጡ» ይላቸዋል።

ከእንግዲህ ፎቶ አልጠይቅዎትም፤ ይፈሩ ይሆናል ብዬ እንጂ መፈለጉንስ እፈልጋለሁ። አሁን የምለምነው ቁጥር ብቻ ነው። ደረጃው ስንት ደረሰ?

ፍላሽዎ


ሚያዝያ 30 ቀን

ዘጠኝ። ሰላምታዬ እንዳለ ሆኖ።


ግንቦት 17 ቀን

አሥራ ስድስት። ከጎረቤት ጋር ያወራሁት አንዴ ብቻ ነው፤ እሱም እውነተኛ ወሬ ነበረው።


ሰኔ 6 ቀን

ሃያ አንድ። ከላይ የፎቶ ቤቱ በር ታየኝ። የሸረሪት ድር ለብሷል፤ ይህን ጊዜ ማጽዳት ይፈቀድልኛል?


ሐምሌ 1 ቀን

ለተወደድሽው የእህቴ ልጅ፤

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ከረምሽ? ሃያ ስምንት።

ትናንት ጠዋት ነው። ልብስ ሰፊው ከኋላዬ ወንበር ተሸክሞ እየቆጠረ ተከተለኝ። ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ግን እሱ ነው፣ ሃያኛው ደረጃ ላይ። እኔ በዝግታ ነው የወጣሁት፤ ልቤን ሳላጣድፋት፣ እሷ ባለችኝ። በሩን ከፈትኩት። የማጠቢያው መድኃኒት ሽታ እንደቆየ ቆይቶኛል። አለቀስኩ፤ ልብስ ሰፊው አየኝና «አቧራው ነው» አለልኝ።

መስኮቱ ላይ፣ ድሮ የሙሽራዋ ፎቶ በነበረበት፣ ከካሜራሽ እህት የወጣውን ፎቶ ሰቅያለሁ፤ ጎድኖቼንና የበራችውን ልቤን። መንገደኛ ቆሞ «ይሄ ማነው?» ይለኛል። «ባለቤቱ» እላለሁ።

ከዚያ ትልቁን ካሜራ አዘጋጀሁና ለልብስ ሰፊው የት እንደሚጫን አሳየሁት። እጁ መቀስ እንጂ ካሜራ አልለመደምና አንደኛው ትከሻዬ ተቆርጧል። አተምኩት። ከዓይኔ ሥር ከረጢት፣ ጉንጬ ላይ ጥቋቁር ነጥብ፣ ግንባሬ እንደ ታጠፈ ወረቀት። ብሩሿን አነሳሁ። ቀለሙን በጠበጥኩ። ፍላሽ፣ የግራ ጉንጬ ላይ ላሳርፋት አንድ ጸጉር ሲቀራት፣ አራት መቶውን አስታወስኳቸው። አጥቤ መለስኳት።

ሰባት ዓመት ጠብቀሻልና ይኸው። ፊቱን አይተሽ ስትጨርሺ እንደ ልማድሽ ገልብጪው።

አጎትሽ

(ከፎቶው ጀርባ፣ የማኅተሙ ቦታ ላይ፣ በእጅ ጽሑፍ፦)

ምንም አልተነካም። እኔው ነኝ።